ገንዳውን በሰኔ አታድርቁት

የከተማችን መዋኛ ገንዳ በደርግ ጊዜ የተሠራ ነው። 25 ሜትር በ12 ሜትር ተኩል፣ አማካይ ጥልቀቱ ሜትር ተኩል። ወደ 470 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። ሲታደስ ኃላፊው እኔ ነበርኩ። ብዙው ሥራ ደህና ሄደ። አንዱ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። መጀመሪያ ውሃው የሚጎድለው በፀሐይ ነው ወይስ ያፈሳል የሚለውን ለየን። ባልዲ በገንዳው ውሃ ሞልታችሁ ደረጃው ላይ አስቀምጡ። የሁለቱንም ልክ ምልክት አድርጉና በማግስቱ እዩ። ገንዳው ከባልዲው ይበልጥ ከጎደለ ያፈሳል። የኛ ያፈስ ነበር። የፊልተሩን አሸዋ ቀየርን፣ የፓምፑን ሞተር አስጠቀለልን፣ ሁለት ሳራቺኔስካ (የቧንቧ መክፈቻና መዝጊያ) ተለወጠ። አለቀ።

ሴራሚኩን ለመቀየር ግን ገንዳው መድረቅ ነበረበት። ጨረታው ጥር ላይ ማለቅ ሲገባው ሁለት ጊዜ ተሰርዞ ግንቦት መጨረሻ ደረሰ። በጀት ሰኔ 30 ይዘጋል። «እስከዚያ ሥራው ካልተጀመረ ብሩ ተመላሽ ነው» ተባልኩ። ሰማይ ጠቁሯል፣ እኔ ደግሞ ውሃ ልቀቁ ብዬ ልፈርም ነው።

የጥበቃው ሽማግሌ ገንዳው ሲቆፈር ጀምሮ እዚያው ነበሩ። በር ላይ አስቆሙኝ። «ልጄ፣ ይሄ ቦታ እኮ ጨፌ ነበር። በክረምት ባዶውን አትተወው።» እሺ ጋሼ አልኳቸው። ገብቼ ፈረምኩ።

ሐምሌ ገብርኤል ማግስት በጠዋት ደወሉልኝ። ስደርስ የጥልቁ ጫፍ ወለል እንደ ሊጥ ተነስቷል። አንድ ስንዝር ይሆናል። ሴራሚኮቹ ሁለት ሁለት ሆነው እንደ ጎጆ ጣሪያ ተደጋግፈው ቆመዋል። በመሃላቸው ጥርት ያለ ውሃ ይንፎለፎላል። ብቻውን ቢታይ ምንጭ ነው፣ ያምራል። እኔ ግን እግሬ ተብረከረከ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባዶ ገንዳ እርጥብ መሬት ውስጥ የተቀበረ ታንኳ ነው። የኛ አፈር ዋልካ ነው፣ ውሃ አያሳልፍም። ዝናቡ በገንዳው ግድግዳና በአፈሩ መሃል ባለው ጠጠር ውስጥ ይጠራቀማል። ከዚያ ከታች ወደ ላይ ይገፋል። 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ በካሬ 360 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በገንዳው ዙሪያ ከአርማታው ታች ጀምሮ 40 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የቆመ ውሃ ደግሞ በካሬ በ400 ኪሎ ይገፋል። አርባ ሳንቲ! ጉልበት የማትደርስ ውሃ ናት። ገንዳው ሲሞላ የውስጡ ውሃ ወለሉን ተጭኖ ይይዘው ነበር። እኛ ክብደቱን አነሳንለት።

ጥፋቴ እዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ውሃ ሳይ «ምጠጡት» አልኩ። ሦስት ቀን ሙሉ ፓምፕ አስነስተን መጠጥን። በመጠጥን ቁጥር ስንጥቁ ረዘመ። በአራተኛው ቀን አንድ ወጣት መሐንዲስ መጥቶ አየና «ምን እያደረጋችሁ ነው? ቶሎ ውሃ ሙሉበት!» አለ። ትክክል ነበር። እንዳይሞላ የከለከለው ቢሮው ነው። «ለጥገና የደረቀ ገንዳ በምን ሒሳብ ይሞላል?» ተባለ። ኮሚቴ ተቀመጠ፣ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ስድስት ቀን ሄደ። መጨረሻ ላይ ሪፖርቱ ላይ «የተፈጥሮ አደጋ» ተብሎ ተጻፈ። ተፈጥሮ ምን አደረገች? በሐምሌ ዘነበች።

የተነሳውን አርማታ ስንሰብር የባሰውን አገኘን። ወለሉ ላይ፣ የከርሰ ምድር ውሃ ሲገፋ ራሱን ከፍቶ ውሃውን ወደ ገንዳው የሚያስገባ ቫልቭ ነበረ። የሠሩት ሰዎች አስበውበታል። ከዓመታት በፊት አንዱ «ያፈሳል» ብሎ በሲሚንቶ ደፍኖታል። ማን እንደሆነ ፋይል ውስጥ የለም። እኔም ውሃውን ከመልቀቄ በፊት የድሮውን ፕላን አውጥቼ አላየሁም። ፕላኑ መጋዘን ውስጥ፣ ከአሮጌ ወንበር ሥር ነበር።

አሁን መመሪያው ምንም ይበል፣ በየዓመቱ አድርቃችሁ እጠቡ የሚለውን አትስሙ። ሶደሬ ሌላ ነገር ነው፣ ውሃው ከመሬት እየፈለቀ ይመጣል። የኛ የቧንቧ ነው። ፊልተሩና ክሎሪኑ ከሠሩ ውሃው ዓመታት ይቆያል። ማድረቅ ግዴታ ከሆነ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ ያውም መሬቱ ውስጥ ያለው ውሃ የት እንደደረሰ ለክታችሁ።

ክሎሪን ካነሳሁ አንድ ነገር። ተቆጣጣሪዎች መጥተው ሲሸታቸው «ክሎሪን አብዝታችኋል» ይላሉ። ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው። ያ ዓይን የሚያቃጥል ሽታ ክሎሪን ከላብና ከሽንት ጋር ሲዋሐድ የሚመጣ ነው። መፍትሔው ክሎሪን መጨመርና ልጆቹ ሳይታጠቡ እንዳይገቡ ማድረግ ነው። 65 በመቶ የሆነው የክሎሪን ዱቄት 700 ግራም ገደማ ቢጨመር የኛን ገንዳ በሊትር 1 ሚሊግራም ከፍ ያደርገዋል። ማታ ጨምሩት፣ ቀን ፀሐይ ትበላዋለች። ሁልጊዜም ዱቄቱን ውሃ ላይ እንጂ ውሃውን ዱቄት ላይ አታፍስሱ።

ወለሉ በየካቲት እንደገና ተሠራ። አዲሱ ሴራሚክ ከድሮው ጋር አልገጠመም፣ ትንሽ ጠቆር ይላል። ልጆቹ «ካርታው» ይሉታል፣ ጠልቀው ይነኩታል። ቫልቩ ተመልሷል። ከገንዳው አጠገብ ደግሞ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ቧንቧ ሦስት ሜትር ወደ ታች ቀብረናል። ሰኞ ሰኞ ድንጋይ የታሰረበት ገመድ አወርድበትና ውሃው ስንት ላይ እንደቆመ አያለሁ።

ባለፈው ሳምንት ደብዳቤ ደረሰኝ። «በጀት ከመዘጋቱ በፊት ገንዳው ለዓመታዊ ጽዳት ውሃው ተለቆ እንዲቆይ» ይላል። ማህተም አለው። ዛሬ ጠዋት ገመዱን ሳወርድ ውሃውን ያገኘሁት ከመሬት ወደ ታች 1 ሜትር ከ10 ላይ ነው፣ ከጥልቁ ጫፍ ወለል በላይ። ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።