ዲስኩ ተቀየረ፣ ማስጠንቀቂያው ግን ለሁሉም ሰርቨር ጠፋ

የተበላሸ ዲስክ ተቀይሮ አንድ ሰርቨር እንደ አዲስ ተጫነ። ስሙም አይፒውም የድሮው ነው። የሆስት ቁልፉን (ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን) ግን ከባክአፕ የመለሰው ስላልነበረ ኤስኤስኤች፣ ማለትም ከርቀት በምስጢር መግቢያው ፕሮግራም፣ አዲስ አመነጨ። ሌሊት የባክአፕ ስክሪፕቱ ሊገናኝ ሲል «የሰርቨሩ መለያ ተቀይሯል» የሚለው ማስጠንቀቂያ መጣና ሥራው ቆመ።

ተረኛው ባለሙያ የተለመደውን አቋራጭ ያዘ፦ በኤስኤስኤች ቅንብር ፋይል ውስጥ ስትሪክት ሆስት ኪ ቼኪንግን (የሆስት ቁልፍ ማጣሪያውን) «ኖ» አደረገ፣ «ኖውን ሆስትስ» የሚባለውን የታወቁ ቁልፎች መዝገብ ደግሞ ወደ ዴቭ ነል (የተጻፈበትን ሁሉ ወደሚጥል ባዶ ፋይል) አዞረ። ሠራለት። ያስገባው ግን ኮከብ ምልክት (ማለትም «ሁሉም») ካለው የሆስት መስመር ሥር ስለነበር ለአንዱ ሰርቨር የታሰበው ለሁሉም ሆነ።

«ኖ» ብቻውን ቢሆን ጉዳቱ በቀለለ፤ ቁልፍ ተቀይሮ ሲገኝ ኦፕን ኤስኤስኤች (በብዛት የሚሠራበት የኤስኤስኤች ፕሮግራም) ቢያንስ በይለፍ ቃል መግባትን ያግዳል። ዴቭ ነል ሲጨመርበት ግን የሚያወዳድርበት መዝገብ ስለሌለው ሁሉም ሰርቨር ሁልጊዜ አዲስ ነው፣ እገዳውም አይሠራም። መሃል የገባ ሰው የይለፍ ቃሉን ይወስዳል። በቁልፍ ለሚገባ ሰው የግል ቁልፉ ባይሰረቅም፣ ሐሰተኛው ሰርቨር የተላከለትን ባክአፕ በሙሉ ይቀበላል።

ትክክለኛው መንገድ የደቂቃዎች ሥራ ነበር። በኔትወርክ ሳይሆን በሰርቨሩ ኮንሶል (በራሱ ስክሪንና ኪቦርድ) ገብቶ፣ ኢቲሲ ኤስኤስኤች በሚባለው ፎልደር ውስጥ ባለው የኢዲ25519 (የቁልፍ ዓይነት ነው) ፐብሊክ ቁልፍ ላይ ኤስኤስኤች ኪጄን የሚባለውን የቁልፍ መሣሪያ በትንሹ ኤል እና ኤፍ አማራጮች ማስኬድ፤ ሻ256 ብሎ የሚጀምረው አሻራ፣ ማለትም የቁልፉ አጭር መለያ፣ ይወጣል። (ቁልፍን ከርቀት የሚያመጣው ኪስካን እዚህ አይተካም፤ የሚያመጣው ያንኑ በኔትወርክ የመጣውን ቁልፍ ነው።) ቀጥሎ በደንበኛው ማሽን ኪጄንን በትልቁ አር አማራጭ አስኬዶ የድሮውን ቁልፍ ከመዝገቡ መሰረዝ፣ ያውም በሩት (በዋናው አስተዳዳሪ) ሳይሆን ስክሪፕቱ በሚሠራበት ተጠቃሚ። ስሙና አይፒው ለየብቻ ተመዝግበው ከሆነ ሁለቱንም። አንዱ ከቀረ ማስጠንቀቂያው ሊመለስ ይችላል፤ ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦ «ኖ» የሚጽፈው እዚህ ላይ ነው።

እንደገና ሲገናኙ «የስ» ከመጻፍ የኮንሶሉን አሻራ መለጠፍ ይሻላል። ኦፕን ኤስኤስኤች ከ8.0 ጀምሮ ይቀበለዋል፤ ካልገጠመ አያሳልፍም። ዓይን ግን የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ፊደላት አይቶ ይረካል።

ለስክሪፕት ቁልፉን አስቀድሞ መዝግቦ ስትሪክት ሆስት ኪ ቼኪንግን «የስ» ማድረግ ነው። ሰርቨሮቹ ቶሎ ቶሎ የሚጨመሩ ከሆነ ከ7.6 ጀምሮ ያለው «አክሰፕት ኒው» ያስኬዳል፤ አዲስ ያስገባል፣ የተቀየረ ይመልሳል። የኮድ ማከማቻ አገልግሎቱ ጊትሃብ እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 2023 የግል ቁልፉ ለአጭር ጊዜ በይፋ ማከማቻ ላይ ስለታየ የአርኤስኤ ሆስት ቁልፉን ሲቀይር፣ የድሮውን መዝግበው በዚህ ቅንብር የሚሠሩት ቆሙ። ዴቭ ነል ያላቸው ምንም ሳይሉ አለፉ።