ጉልቱ ሲያልቅ

ሕንድን ስለገዛው የሙጋሎች ሥርወ መንግሥት ሳስብ ዓይኔ ላይ የሚመጣው በጋለ ብረት ምልክት የተተኮሰ ፈረስ ነው። የመንግሥቱ ጉልበትም ድካሙም እዚያች ምልክት ላይ ይነበባል።

በንጉሠ ነገሥቱ በአክባር ዘመን (1556–1605 እ.ኤ.አ.) እያንዳንዱ ሹም የኋላ ኋላ ሁለት ቁጥር ተሰጠው። «ዛት» የራሱ ማዕረግና ደመወዝ ነው፤ «ሰዋር» ሊያቀርብ የሚገባው የፈረሰኛ ብዛት። ሹማምንቱ ለሌለ ወታደር ደመወዝ እየተቀበሉ፣ የቆጠራ ቀን ሲደርስ ፈረስ ተውሰውና ያገኙትን ሰው አሰልፈው ያልፉ ነበር። ለዚህ ነው ፈረሱ የሚተኮሰው፤ የወታደሩም መልክ እስከ ጠባሳው ድረስ መዝገብ ላይ ይሰፍራል።

ደመወዙ በአብዛኛው «ጃጊር» ነበር፤ ማለትም የተወሰኑ መንደሮች ግብር። በእኛ አነጋገር ጉልት እንጂ ርስት አይደለም። ሹሙ ሥር እንዳይሰድ በየሦስት በየአራት ዓመቱ ከቦታ ቦታ ያዛውሩታል። ብልህ ዘዴ ነበር፤ ነገር ግን ነገ ለሚለቀው አገር ማን ጉድጓድ ያስቆፍራል? ማን ለገበሬው ዘር ያበድራል? ያለውን አራግፎ ይሄዳል። ገበሬው ሲሰደድ መሬቱ ጦም ያድራል፣ መዝገቡ ላይ ያለው ግብር ግን አይቀነስም። በአክባር የልጅ ልጅ በሻህ ጃሃን ጊዜ በተጻፈውና በሚገባው ገንዘብ መካከል ያለው ልዩነት ስለሰፋ ደመወዙ በወር ይመተር ጀመር፦ ግማሹን ብቻ የሚያስገባ ጃጊር «የስድስት ወር» ይባላል። 3,000 ፈረሰኛ የተጻፈበት ሹምም ጃጊሩ በሚያገለግልበት ክፍለ ሀገር ከሆነ 1,000 ቢያቀርብ ይበቃዋል።

ደቡቡ ደካን ነበር እሾሁ። እዚያ ከሙጋሎች ጋር የተናነቀው ማሊክ አምባር ኢትዮጵያ ተወልዶ፣ በባርነት ተሽጦ ሕንድ የደረሰ፣ በመጨረሻ በደካን የነበረው የአሕመድናጋር መንግሥት እንደራሴ የሆነ ሰው ነው። ፊት ለፊት አይገጥምም፤ የደካን ተወላጆች በሆኑት በማራታዎች ፈጣን ፈረሰኞች የሙጋሎችን የስንቅ መንገድ ይቆርጣል። የአክባር ልጅ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በ1616 ገደማ የአምባርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። አምባር ከዚያ በኋላ አሥር ዓመት ያህል ኖሮ በ1626 ሞተ።

የሻህ ጃሃን ልጅ ንጉሠ ነገሥት አውራንግዜብ በ1681 ወደ ደካን ወረደ፣ ወደ ሰሜን አልተመለሰም። የደካንን መንግሥታት ቢጃፑርን በ1686፣ ጎልኮንዳን በ1687 ያዘ። የተሸነፉትን መኳንንትና የማራታ አለቆችን ለመያዝ ማዕረግ አደላቸው፤ ለማዕረጉ የሚሆን ጃጊር ግን አልነበረም፣ ለም የሆነውንም መሬት ለጦርነቱ ወጪ ግምጃ ቤቱ ይዞታል። ሹመት ይዘው መንደር የሚጠብቁ በዙ። መንደር የተሰጠው ደግሞ ማራታዎች ቀድመው የግብሩን ሩብ ሲጠይቁ ያገኛቸዋል። ገንዘብ የሌለው ፈረስ አይቀልብም፤ ፈረስ የሌለው ግብር አያስከፍልም።

ብዙ ሰው ውድቀቱን በ1679 ከተመለሰው፣ ሙስሊም ባልሆኑት ላይ ከሚጣለው የጂዝያ ግብር ጋር ያያይዘዋል። ቂም ማትረፉን አልክድም። እኔ ግን ስንጥቁ ከዚያ በፊት በጃጊሩ መዝገብ ላይ የታየ ይመስለኛል።

አውራንግዜብ በ1707 አሕመድናጋር ላይ በ88 ዓመቱ ሞተ። መቃብሩ ኩልዳባድ ውስጥ ጣሪያ የሌለው ነው፤ ማሊክ አምባርም እዚያው ከተማ ጉልላት ባለው መቃብር አርፏል።