የንቧ ዓይን ፀጉር እስኪለይ፦ የማክሮ (ጥቃቅን ነገርን አቅርቦና አጉልቶ የማንሳት) ፎቶ ልምዴ ከደሴ

ሰላም ወገኖች። "የነፍሳት ፎቶህን የት አደረስከው?" ላላችሁኝ፣ ይኸው መጣሁ። በአጭሩ ምስሉ ጠርቷል። ይህን ስል ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ "ምን ሌንስ ገዛህ?" ብሎ ነው። ሌንሱ ያው የድሮው ነው። ፎቶዬን ያጠሩልኝ ብርሃንና ብርድ ናቸው። ብርዱን ደሴ በነፃ ታድላለች።

አስቀድሜ መለኪያዬን ልንገራችሁ። ንብ ዓይኗ ላይ ፀጉር አላት። ቅንድቧ ላይ አላልኩም፣ ዓይኗ ላይ። በሺዎች ከሚቆጠሩት የዓይኗ ጥቃቅን ክፍሎች መሀል የበቀለ አጭርና ቀጭን ፀጉር ነው። ፎቶውን ላፕቶፕ ላይ እስከ መጨረሻው አጎላዋለሁ። ፀጉሩ አንድ በአንድ ተለይቶ ከታየኝ ፎቶው ይቀመጣል። ተደባልቆ ቡናማ ጭጋግ ከሆነብኝ ይጠፋል። ስልክ ላይ ሲታይ ያማረ ፎቶ ሁሉ በዚህ ፈተና ይወድቃል፤ የኔም አብዛኛው ወድቋል።

ዕቃዬ ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም። ያገለገለ ካኖን፣ 50 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ቻይና ሠራሽ ፍላሽ፣ በካሜራውና በሌንሱ መሀል የሚገቡ ባዶ ቱቦዎች። ቱቦዎቹ ውስጣቸው መስታወት የለም፤ ሥራቸው ሌንሱን ከሴንሰሩ (ካሜራው ውስጥ ምስሉ ከሚያርፍበት ገጽ) ማራቅ ብቻ ነው። ሌንሱ በራቀ ቁጥር ምስሉ ይተልቃል። 50 ሚሊሜትር ሌንስ ላይ 50 ሚሊሜትር ያህል ቱቦ ስትደርቡ አንድ ለአንድ ትደርሳላችሁ። አንድ ለአንድ ማለት ነፍሳቱ በራሱ መጠን ሴንሰሩ ላይ ያርፋል ማለት ነው። የኔ ሴንሰር ወርዱ 22 ሚሊሜትር ገደማ ነው። አንድ ሳንቲሜትር የምታህል ንብ የፎቶውን ግማሽ ትይዛለች። ለዓይን ፀጉር ይህ ይበቃል።

ቱቦ መግዣ ያጣ ሌንሱን ገልብጦ መግጠም ይችላል። ቀለበቱ ርካሽ ነው። ካኖን ላይ ግን አንድ ችግር አለ። አፐርቸሩ (ሌንሱ ውስጥ ብርሃን የሚያልፍበት ቀዳዳ) የሚታዘዘው በኤሌክትሪክ ስለሆነ፣ ሌንሱ ሲገለበጥ ግንኙነቱ ይቋረጥና እንደተከፈተ ይቀራል። መላው ይኸውላችሁ፦ ሌንሱ በትክክል እንደተገጠመ አፐርቸሩን አስተካክሉ። የፎከስ ጥልቀት ማያዋን ቁልፍ (ብዙ ካሜራ ላይ ሌንሱ ሥር ናት) ተጭናችሁ ያዙ። እንደተጫናችሁ ሌንሱን ፍቱት። አፐርቸሩ እንደጠበበ ይቆያል። ካሜራው ውስጥ ስታዩ ይጨልምባችኋል፤ ትንሽ ባትሪ ከጎን አብሩበት። ደግሞ ሌንሱን ገልብጣችሁ ስታነሱ ከነፍሳቱ ያላችሁ ርቀት ጥቂት ሳንቲሜትር ናት። ተርብ ላይ አልመክርም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አንድ ለአንድ ላይ አፐርቸሩን ኤፍ 11 አድርጋችሁ እንኳ (የኤፍ ቁጥር ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል) ጥርት ብሎ የሚታየው ክፍል ከአንድ ሚሊሜትር ያንሳል። ዓይኗ ፎከስ ሲገባ ክንፏ ይደበዝዛል። "እንግዲያው ኤፍ 22 ላድርገው" የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህ ላይ ነው ጉዱ። አንድ ለአንድ ስትደርሱ አፐርቸሩ ከተጻፈበት ቁጥር በእጥፍ የጠበበ ያህል ነው የሚሠራው። ኤፍ 11 ያላችሁት እንደ ኤፍ 22 ይሆናል፤ ኤፍ 22 ያላችሁት ደግሞ እንደ ኤፍ 44። በዚያ ጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ብርሃን ይበተናል፣ ምስሉም እንዳለ ይለሰልሳል። ፎከስ የገባው ክፍል ሰፍቶ ሳለ አንዱም ቦታ ጥርት አይልም። ስለዚህ እኔ ከኤፍ 8 እስከ ኤፍ 11 እንጂ አላልፍም።

ጥልቀቱን የማገኘው በአቅጣጫ ነው። የነፍሳቱ ጎን ከሴንሰሩ ጋር ትይዩ እንዲሆን እዞራለሁ። ጭንቅላቱ፣ ደረቱና ክንፉ በአንድ መስመር ሲያርፉ ያቺ ከሚሊሜትር ያነሰች ጥራት ብዙ ነገር ትሸፍናለች። ፊት ለፊት ማንሳት ስፈልግ ደግሞ ዓይኑን ብቻ አድነዋለሁ፣ ሌላው ይደብዝዝ። አውቶ ፎከስ ዘግቻለሁ። ሌንሱን አንዴ አስተካክዬ ካሜራውን በሙሉ ወደፊት ወደኋላ በዝግታ አንቀሳቅሳለሁ፤ ዓይኑ ሲጠራ እተኩሳለሁ። ግራ እጄ የቆመበትን ግንድ ይይዛል፣ ሌንሱ እዚያው እጅ ላይ ይደገፋል። ካሜራውና ቅጠሉ አብረው ከተንቀሳቀሱ ንፋሱ ያን ያህል አይጎዳም። ትሪፖድ ለዚህ ሥራ አይሆነኝም። ተክዬው እስክጨርስ ነፍሳቱ ኩታበር ደርሷል።

ብርሃን። ትልቁን ለውጥ ያየሁት እዚህ ነው። ፍላሽ በትንሽ ኃይል ሲሠራ ብልጭታው እጅግ አጭር ነው፤ ከሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር እጅ ያንሳል። ካሜራው 1/200 ሰከንድ ላይ ቢሆንም እንቅስቃሴውን የሚያስቆመው ብልጭታው ነው፣ ሹተሩ (የካሜራው መጋረጃ) አይደለም። የእጅ መንቀጥቀጥ በዚያ ይጠፋል። የኔ አሠራር ማኑዋል፣ 1/200፣ ኤፍ 11፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 200፣ ፍላሹ ከሙሉ ኃይሉ 1/8 ወይም 1/16 ነው። ፍላሽ ራቁቱን ግን አይሆንም። የጥንዚዛ ጀርባ ላይ ነጭ ነቁጥ ይሆንና ቀለሙን ይበላዋል። ነጭ የአምስት ሊትር ጀሪካን ጎኑን ቆርጬ፣ በሁለት ድርብ ሶፍት ሸፍኜ ማለስለሻ እንዲሆነኝ ከፍላሹ ፊት ሌንሱ ላይ እንዲያጎነብስ አድርጌ አሰርኩት። ማለስለሻው ለነፍሳቱ በቀረበና በሰፋ መጠን ብርሃኑ ይለሰልሳል። ጀሪካኑ ያስቃል፤ ከማዶ ለሚያየኝ ውሃ ልቀዳ የወጣሁ ነው የምመስለው። ግን ይሠራል።

ፍላሽ አንድ ጣጣ አለው፤ ከኋላ ያለው ሁሉ ጥቁር ይሆናል። በጠራራ ፀሐይ የተነሳ ፎቶ ሌሊት ይመስላል። ከነፍሳቱ ኋላ በስንዝር ርቀት ቅጠል ወይም አበባ ስታደርጉ ብርሃኑ ይደርሰዋል። መስከረም ላይ አደይ አበባ ከኋላ የገባባቸው ፎቶዎቼ ከሁሉም ይበልጡብኛል።

እንግዲህ ብርዱ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ሜትር ላይ ናቸው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ ስለሆነ ልዩነቱን ዶሮ መዝለያን በወረድኩ ቁጥር በጃኬቴ አውቀዋለሁ። ነፍሳት የሰውነታቸው ሙቀት ካካባቢያቸው ጋር ይወርዳል። ንብ ለመብረር ደረቷ 30 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት፤ ካልሞቀች የበረራ ጡንቻዋን እያንቀጠቀጠች ታሞቀዋለች። ጦሳ ተራራ ሥር ጉሙ ሳይገለጥ ከወጣችሁ፣ ሳሩ ላይ ያለው ሁሉ ደንዝዞ ነው የሚጠብቃችሁ። አቅጣጫ ለመምረጥ፣ ፍላሽ ለማስተካከል ጊዜ አለ። ፀሐይ ከነካቻቸው በኋላ ያ ጊዜ ያልቃል።

በዚያ ሰዓት ከማገኛቸው ሁሉ የምወዳቸው በቀፎ የማይኖሩት ብቸኛ ንቦች ናቸው። ወንዶቹ ውጭ ያድራሉ። አተኛኘታቸውን ብታዩ! የሳር ጫፍ በመንጋጋቸው ነክሰው፣ እግራቸውን ሰብስበው፣ በጥርስ ተንጠልጥለው ነው የሚያድሩት። ጤዛው ፀጉራቸው ላይ ድርድር ብሎ ይቆያል። አንዱን ሳነሳ መንጋጋው ሳሩን የጨመደደበት ቦታ ላይ የቀረው የጥርስ ምልክት ሳይቀር ታየኝ። ያን ዓይነት ዝርዝር ከሰዓት በኋላ ከሚበር ንብ ላይ አታገኙትም።

ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዘህ አንሳ ያሉኝ አሉ። አላደርገውም። ከነፍሳቱ በላይ እኔን ያሳፍረኛል፤ ደግሞ የቀዘቀዘ ነፍሳት እግሩ ተኮራምቶ ስለሚቀር የሚያውቅ ሰው ወዲያው ይለየዋል። ብርድ ፈልጌ ፍሪጅ ከምከፍት ጦሳ ብወጣ ይሻለኛል።

አንድ ማለዳ መሬት ላይ በደረቴ ተኝቼ ሳለ አንዲት እናት እንጨት ተሸክመው መጡ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ጠፋብህ? ላፋልግህ?"

"ኧረ ምንም አልጠፋኝም እማማ። ዝንብ ፎቶ እያነሳሁ ነው።"

"ዝንብ ከሆነማ ምን አደከመህ? ቤቴ ና፣ እንደ ልብህ!"

ሳቅን። የማነሳው ግን ቤት የሚገባውን ዝንብ አልነበረም። አበባ ላይ እንደ ቆመ የሚያንዣብብ፣ ቢጫና ጥቁር ሸንተረር ያለው ዝንብ አለ። ሲያዩት ንብ ነው። ክንፉን ቁጠሩ፤ ንብ አራት ክንፍ አላት፣ ዝንብ ሁለት ብቻ። አይናደፍም፣ ደግሞ አበባው ላይ ይቆይላችኋል። ለጀማሪ ከሱ የተሻለ የለም።

ኮምቦልቻ ሌላ ጨዋታ ነው። ጠዋቱም ቶሎ ይሞቃል። እዚያ ቦርከና ወንዝ ዳር የውሃ ተርብ እጠብቃለሁ። መከተል ዋጋ የለውም። የውሃ ተርብ የመረጣት እንጨት ላይ ዞሮ ዞሮ ይመለሳል። ሲነሳ ካሜራዬን ወደ እንጨቷ አስጠግቼ እቀመጣለሁ። መመለሱ አይቀርም። 50 ሚሊሜትሩ ለሱ አጭር ነው፤ በጣም ስለሚያስጠጋ ይደነብራል። ለጊዜው የሰው ረጅም ሌንስ እዋሳለሁ።

አሁን የያዘኝ ስታክ ማድረግ ነው። ፎከሱን በጥቂት በጥቂቱ እያሳለፉ ብዙ ፎቶ አንስቶ፣ የጠራ የጠራውን ክፍል በኮምፒውተር ማዋሃድ። ዚሪን ስታከር የሚባለውን ፕሮግራም እየሞከርኩ ነው፤ መብራት ካለ ማለቴ ነው። በእጅ ይዤ ሳነሳ ነፍሳቱ አንቴናውን ትንሽ ካወዛወዘ ውጤቱ ሁለት ጫፍ ያለው አንቴና ይሆናል። ለዚህም የደነዘዙት የማለዳ ንቦች ይሻላሉ። ንፋስ እንዳያወዛውዘው መሬት የተተከለ ዱላ ላይ የልብስ መቆንጠጫ አስሬ ሳሩን ከንቡ ዝቅ ብዬ እቆነጥጠዋለሁ። ፍላሹ በየፎቶው መሀል እስኪሞላ መጠበቁ ነው ያስቸገረኝ። ኃይሉን 1/32 አውርጄ አይኤስኦውን ወደ 400 ከፍ ሳደርገው ቶሎ ቶሎ መተኮስ ጀምሯል። በእጅ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ካሜራውን በምን ያህል ፍጥነት እንደምታሳልፉ ጻፉልኝ። የንቧ ዓይንና አንቴናዋ አንድ ላይ የጠሩበት ፎቶ ገና የለኝም።