የእንጨት ቀስት ሚዛኑን እንዳያጣ

ልምምዱ እንዳለቀ አውታሩን አውልቁ። ተወጥሮ የሚያድር ቀስት ጎብጦ ይቀራል፣ ጉልበቱም ይደክማል። ጥግ ላይ አቁሞ ማስደገፍም ክፉ ልማድ ነው፤ ክብደቱ የታችኛው ክንድ፣ ማለትም ከመያዣው በታች ያለው የቀስቱ ክፍል፣ ላይ ያርፋል። ከፀሐይ፣ ከማሞቂያና ከእርጥብ ግድግዳ አርቃችሁ በሁለት ሰፋ ያሉ የእንጨት ችካሎች ላይ አግድም አስተኙት።

ሚዛኑን ለማየት ወጥሩትና ከመያዣው በላይም በታችም እኩል ርቀት ላይ፣ ከአውታሩ እስከ እንጨቱ ያለውን ክፍተት ለኩ። በብዙ ቀስቶች የላይኛው ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ይበልጣል። የታችኛው ከበለጠ የላይኛው ክንድ ግትር ሆኗል፤ ወደ ወርዋሪው በሚዞረው ፊቱ በኩል በስሱ ፋቁት። ከዚያ 20 ጊዜ ያህል በግማሽ ስባችሁ እንደገና ለኩ፤ እንጨት ለውጡን ወዲያው አያሳይም። ጀርባውን፣ ማለትም ወደ ዒላማው የሚዞረውን ፊቱን፣ ግን በፍጹም አትንኩ! እዚያ የእንጨቱ ጭረት ከተቆረጠ ቀስቱ የሚሰነጠቀው ከዚያው ነው።