«አይዞዎት ጋሼ»

ሦስት ቀን ሆነኝ። አሁንም ጥርሴን ስቦርሽ ትዝ እያለኝ ብቻዬን «ውይ!» እላለሁ።

ከጓደኞቼ ጋር የእንስሳት ማቆያ ሄደን ነው። ከመስታወቱ ወዲያ አንድ ግዙፍ እባብ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ማንም አልጠየቀኝም። «አናኮንዳ ነው» አልኩ። እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት? ከአማዞን አስነሳሁት፤ እየተጠመጠመ አጥንት እንዲሰባብር አደረግኩት። ሰው ሲሰበሰብ ደግሞ ድምፄ ጭራሽ ጎላ።

አንድ ልጅ፣ ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሸሚዜን ሳብ አደረገ።

«ጋሼ፣ አናኮንዳ አይደለም። አናኮንዳ ውኃ ውስጥ ተደብቆ እንዲያይ ዓይኑም አፍንጫውም ወደ አናቱ ነው። የዚህን ይዩት፣ ወደ ጎን ነው። ከንፈሩ ላይ ደግሞ ትንንሽ ጉድጓዶች አሉት፤ ሙቀት የሚያውቀው በእነሱ ነው። ቆዳው እንደ መረብ ነው። ሬቲኩሌትድ ፓይተን ይባላል፤ አገሩ እስያ ነው። ጽሑፉን ስለከለሉት ነው ያላዩት።»

ለካ የተደገፍኩት ሰሌዳው ላይ ነው።

ይህንንም እችለው ነበር። ግን ክንዴን መታ መታ አደረገና «አይዞዎት ጋሼ» አለኝ።

አይዞዎት! ሰው የሞተብኝ ይመስል! ጓደኞቼ አሁን ስልክ ሲያነሱ «ሄሎ» ማለት ትተዋል፤ «አይዞዎት» ነው የሚሉኝ። ትናንት አስነጠስኩ። «ይማርህ» ያለኝ የለም። ሦስቱም በአንድ ድምፅ «አይዞዎት!»

ደግሞስ ጥፋቱ የኔ ብቻ ነው? ቋንቋችን ትልቁን እባብ ሁሉ «ዘንዶ» ብሎ ተገላግሏል። «ዘንዶ ነው» ብዬ ዝም ብል ማን ያርመኝ ነበር? እነዚያስ እባቡን በረጅም እንጨት ወደ ካሜራው አስጠግተው፣ ራሳቸው ወደ ኋላ ቆመው ፎቶ እየተነሡ ኢንተርኔት ላይ «20 ሜትር» የሚሉት? ከእባብ ሁሉ ረጅም የሚባለው ይኸው ያዋረደኝ ፓይተን እንኳ 7 ሜትር ካለፈ ጉድ ነው። እነሱ ላይክ ይሰበስባሉ። እኔ አይዞዎት እሰበስባለሁ።

ማታ ቁጭቱ አላስተኛ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ። ሌላ ጉድ። ጠምጥመው የሚገድሉ እባቦች ለካ አጥንት በመሰባበር አይደለም የሚገድሉት። እ.ኤ.አ. በ2015 ቦአ በሚባል ሌላ ጠምጣሚ እባብ ላይ የተሠራ ጥናት እንዳሳየው፣ ሲጠመጠም የያዘውን እንስሳ የደም ዝውውር ነው ቀጥ የሚያደርገው።

ይህቺን ልጁ አላረመኝም። ሳያውቃት ቀርቶ ነው እንዳልል፣ አጥንቱን ስሰባብር ፊቱን አይቼዋለሁ። ለዛሬ ይበቃዋል ብሎ ነው የተወኝ።