ቢጫ ዋግ አገሩ የት ነው?

በጎጃም ደጋ፣ በተለይም በጮቄ ዙሪያ ባሉት የሰናን፣ የጎዛምንና የማቻከል ስንዴ አብቃይ ቀበሌዎች፣ መስከረም ላይ ቢጫ ዋግ ታየ ከተባለ ሰው ሁሉ የሚያነሣው ሰማዩን ነው። ጉሙ አልገፈፍ ብሎ ከረመ፣ ዝናቡ ቶሎ አላባራም፣ ጤዛው በዛ ይባላል። አባባሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የዋግ ብናኝ ቅጠል ላይ አርፎ እንዲበቅል ለተወሰኑ ሰዓታት የማይደርቅ እርጥበትና ቀዝቃዛ አየር ያስፈልገዋል፣ ያንን ደግሞ ደጋችን በክረምት መውጫ አትረፍርፎ ይሰጠዋል። ነገር ግን ጉም ለዋግ ያመቻችለታል እንጂ ዋግን አይወልድም። በሽታው ፈንገስ ነው፤ ፈንገሱም ወላጅ፣ ዘመድና የመጣበት አገር አለው። በሰብል ጥበቃ ሙያ ላይ ሆኜ ከአርሶ አደሮች ጋር ስነጋገር ብዙ ጊዜ ሳይጠየቅ የሚታለፈው ይኸው የትውልድ ነገር ስለ ሆነ ዛሬ በእርሱ ላይ ልቆይ።

በመጀመሪያ ቅጠሉን ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በበሽታው የተያዘው ስንዴ ለጋነቱን ካለፈ፣ ቢጫዎቹ ነጠብጣቦች በቅጠሉ ጅማቶች መካከል በቀጭኑ ተሰልፈው ከግርጌ እስከ ጫፍ ይወርዳሉ። በአውራ ጣት ሲታሹ ደቃቅ ዱቄት ይለቃሉ፤ ክፉኛ በተያዘ ማሳ ውስጥ ያቋረጠ ሰውም የሱሪው እግር እስከ ጉልበቱ ቢጫ ሆኖ ይወጣል። የዚያ ዱቄት እያንዳንዱ ቅንጣት አዲስ በሽታ መጀመር የሚችል ስፖር፣ ማለትም የፈንገሱ ብናኝ ነው። አየሩ ከተስማማው፣ ዛሬ ቅጠል ላይ ያረፈ ስፖር በሁለት ሳምንት ገደማ የራሱን ዱቄት ማፍሰስ ይጀምራል፤ ነፋስም ከማሳ ማሳ ብቻ ሳይሆን ከአገር አገር ያሻግረዋል።

ይህ ዱቄት የሚራባው ያለ ወንድና ሴት ነው። ከአንድ ድንች ተቆርጦ የተተከለ ዘር ያንኑ ድንች መልሶ እንደሚሰጥ፣ የአንድ ስፖር ልጆችም በዘረመላቸው ከእናታቸው የማይለዩ ናቸው፤ ልዩነት የሚፈጠረው አልፎ አልፎ በሚደርስ ድንገተኛ የዘረመል ለውጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በአብዛኛው ዓለም ያለው ቢጫ ዋግ፣ ማሳውን ሁሉ ቢሞላም፣ በዘሩ ሲመረመር ጥቂት ቤተሰቦች ብቻ ሆኖ ይገኛል። በሰሜን ምዕራብ አውሮፓ፣ በአሜሪካና በአውስትራሊያ የተሰበሰቡ ናሙናዎች ይህንኑ አሳይተዋል።

በሂማላያ ተራሮችና በአካባቢያቸው፣ ማለትም በኔፓል፣ በፓኪስታንና በቻይና፣ ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም፣ በእኛ አቆጣጠር ካላልሁ በቀር፣ እንዲሁ ናቸው) የታተመ፣ ከብዙ አህጉራት የተሰበሰቡ ናሙናዎችን ያነጻጸረ ጥናት የፈንገሱ የዘረመል ስብጥር ከሁሉ የበዛው በዚያ መሆኑን አረጋገጠ። አንድ ፍጡር ረጅም ዘመን በኖረበት አገር ልዩነቱ ይበዛል፤ ጥቂቶቹ ተነጥለው በሄዱበት አገር ደግሞ ያንሳል፤ ስለዚህም ተመራማሪዎቹ የቢጫ ዋግን መነሻ በዚያ አካባቢ አድርገውታል። ሌላም ምክንያት አለ። ፈንገሱ በፆታ ተዳቅሎ አዲስ ዘር የሚፈጥረው ከስንዴ ሌላ ሁለተኛ አስተናጋጅ ተክል ሲያገኝ ነው። ያ ተክል ምን እንደ ሆነ ከመቶ ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆይቶ፣ በ2010 በአሜሪካ ሚኒሶታ ያሉ ተመራማሪዎች ባርበሪ የሚባለው እሾሃማ ቁጥቋጦ መሆኑን አሳዩ። የባርበሪ ወገን በኢትዮጵያ ደጋም ይበቅላል፤ ሆኖም ተክሉ መኖሩ ብቻ ቢጫ ዋግ በእርሱ ላይ ይዳቀላል ለማለት አያበቃም። የሂማላያው ፈንገስ ለመዳቀል የሚያበቃውን የስፖር ዓይነት በብዛት ሲያመርት፣ ርቀው የሄዱት ዘመዶቹ ይህን ችሎታቸውን በአብዛኛው አጥተውታል።

መነሻው ሩቅ ምሥራቅ ነው ማለት ግን እኛ ሁልጊዜ ተቀባዮች ብቻ ነን ማለት አይደለም። ከ2000 ጀምሮ በሰሜን አሜሪካ፣ በ2002 ደግሞ በምዕራብ አውስትራሊያ ከቀድሞው በተሻለ ሞቃት አየር የሚችልና ብዙ ስፖር የሚያመርት አዲስ የቢጫ ዋግ ቤተሰብ ተነሣ። ተመራማሪዎች ፒኤስቲኤስ 1 ብለው የሰየሙት ይህ ቤተሰብ በቆዩ ናሙናዎች ውስጥ ሲፈለግ፣ በምሥራቅ አፍሪካ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እንደ ነበረ ታወቀ። እኛ በነፋስና በዝናብ ያመካኘነው ዋግ ከእኛው ቀጣና ዘመድ ተነሥቶ የካንሳስን ማሳ አቃጥሏል ቢባል በጎጃም የሚያምን ሰው የሚገኝ አይመስለኝም፤ የዘረመሉ መዝገብ ግን የሚለው ይህንኑ ነው።

በ2010፣ በእኛ አቆጣጠር በ2002/03 የምርት ዘመን፣ ኢትዮጵያ ውስጥ የደረሰው የቢጫ ዋግ ወረርሽኝ በዚህ መንገድ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። በዚያ ዓመት አገሪቱ ውስጥ በስፋት ተዘርተው የነበሩት ኩብሳና ገለማ የሚባሉ ዝርያዎች ክፉኛ ተጠቁ። ኩብሳ የተመረጠው የዓለም አቀፉ የበቆሎና ስንዴ ማሻሻያ ማዕከል አቲላ ብሎ ካዳቀለው ስንዴ ሲሆን፣ ከዚያው ከአቲላ ቤተሰብ የወጣ ሌላ ዝርያ በሕንድ ሰፊ መሬት ይዞ ነበር። ሁለቱም ዋይአር 27 የሚባለውን የመከላከያ ዘረመል ተሸክመዋል። ፈንገሱ ያንን አንድ ዘረመል ማለፍ የሚያስችለውን ለውጥ ሲያገኝ፣ በአንድ ቁልፍ የተዘጉት በሮች ሁሉ፣ በጎጃምም ይሁኑ በፑንጃብ፣ አብረው ተከፈቱ። ያን ዓመት ዝናቡ ረዝሞ ነበር፤ ወረርሽኙን ያባባሰውም እርሱ ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊትም ዝናቡ ብዙ ጊዜ ረዝሟል፣ ኩብሳም ቆሞ አይቷል።

ከዚያ ወዲህም አዳዲስ ቤተሰቦች መምጣታቸውን አላቆሙም። በ2011 አውሮፓ ውስጥ ዋሪየር የተባለ ዘር ድንገት ተነሥቶ የቆዩትን ዘሮች በጥቂት ዓመታት ከማሳ ገፋቸው፤ ዘረመሉ ሲመረመር ዘመዶቹ በሂማላያ አካባቢ ተገኙ። በአፍጋኒስታን በ2012 የታወቀው ፒኤስቲኤስ 11 ደግሞ በ2016 ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ታየ።

የስንዴን ግንድ የሚያጠቃው ሌላው የዋግ በሽታ፣ የግንድ ዋግ፣ ታሪኩ ከዚህም የሚገርም ነው፤ አጭር አድርጌ ላስገባው። በ1998 ዩጋንዳ ውስጥ የተገኘውና ዩጂ 99 የተባለው ዘር በ2003 ኢትዮጵያ ገባ። የዋግ ስፖር በውስጡ ሁለት ያልተዋሐዱ ኒውክለሶች (የዘረመል ማኅደሮች) ይዞ የሚኖር ፍጡር ነው፤ በ2019 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ከዩጂ 99 ሁለት ኒውክለሶች አንዱ በአውስትራሊያ ከ1954 ጀምሮ ከሚታወቅና ከደቡባዊ አፍሪካ እንደ ተሻገረ ከሚታሰብ አሮጌ ዘር ኒውክለስ ጋር ፈጽሞ ለማለት በሚያስደፍር ደረጃ ተመሳሳይ ነው። ስለዚህ ሁለት የዋግ ዘሮች አንድ ተክል ላይ ተገናኝተው፣ ያለ ባርበሪና ያለ ፆታዊ ርቢ፣ ኒውክለስ ተለዋውጠው አዲስ ዘር ፈጥረዋል። ይህን ጥናት ባነበብሁ ጊዜ ባርበሪ ከሌለ አዲስ ዘር አይፈጠርም የሚለው መጽናኛ ከእጄ ወጣ።

ከኩብሳ ውድቀት በኋላ ብዙ አርሶ አደር ዲገሉ ወደሚባለው የስንዴ ዝርያ ዞረ። ዲገሉ ቢጫ ዋግንም ዩጂ 99ንም ይችል ስለ ነበር ዘሩ በጥድፊያ ተባዝቶ ተሰራጨ፤ በ2013 መጨረሻ ግን በባሌ ከዩጂ 99 ወገን ያልሆነ ሌላ የግንድ ዋግ ዘር መጥቶ፣ አንዳንዱን ማሳ ማጭድ እንኳ ሳይገባበት አስቀረው። ስንዴው የተጠበቀው ከሚታወቀው ጠላት ነበር፤ የመጣው ሌላው ነው።

ታዲያ የትኛው ዘር እንደ መጣ በምን ይታወቃል? በዓይን አይለይም፤ ሁሉም ቢጫ ዱቄት ነው። የቆየው ዘዴ ስፖሩን የተለያየ የመከላከያ ዘረመል ባላቸው ስንዴዎች ችግኝ ላይ አድርጎ የትኛውን እንደሚያጠቃና የትኛውን እንደሚተው መመዝገብ ነው፤ ሳምንታት ይወስዳል። ሌላው የዘረመል ምርመራ ነው። በ2018 ሆለታ ላይ የተሞከረውና ማርፕል የተባለው ተንቀሳቃሽ መሣሪያ የቢጫ ዋግን ቤተሰብ በቀናት ውስጥ ለመለየት አስችሏል። ለሁሉም ግን መነሻው ማሳ ላይ የሚሰበሰበው ናሙና ነው፤ እዚህ ላይ ቀላል የሚመስል ነገር ብዙ ሥራ ያበላሻል። ቅጠሉ የሚገባው በወረቀት ፖስታ ነው እንጂ በፌስታል አይደለም፤ በፌስታል ያልበዋል፣ ይሻግታል፣ ስፖሩም ይሞታል። በፖስታው ላይ የቀበሌው ስም፣ ቀኑና በተለይም የስንዴው ዝርያ መጻፍ አለበት፤ ዝርያው ያልተጻፈበት ናሙና የትኛው መከላከያ እንደ ተሰበረ አይናገርም።

በአንድ የመስክ ቀን አንድ ሽማግሌ፣ “ልጄ፣ ይህ ሁሉ ምርመራ ለእኛ ምን ያደርግልናል? እኛ መድኃኒት ነው የምንፈልገው” አሉኝ። “አባቴ፣ መድኃኒቱ የዘንድሮን ማሳ ያድናል፤ ምርመራው የሚጠቅመው ለከርሞ ምን እንደምንዘራ ለመወሰን ነው” አልኋቸው። አልተዋጠላቸውም፤ እኔም አልፈረድሁባቸውም፣ ርጭቱ ቀን የማይሰጥ ነገር ነውና።

የእኔ ስጋት ያለው ለከርሞ በሚዘራው ላይ ነው። ኩታ ገጠም እርሻ ለትራክተር፣ ለኮምባይነር፣ ለዘር አቅርቦትና ለገበያ ያመጣውን ጥቅም አልክድም፤ ነገር ግን ኩታ ገጠም ማለት አንድ ዝርያ ማለት መሆኑን በዝምታ ተቀብለነዋል። ማረስና ማጨድ የሚጠይቀው የማሳ መገጣጠም እንጂ የዘር አንድነት አይደለም። አንዱ ኩታ ገጠም አንድ ዝርያ፣ አጎራባቹ ደግሞ በመከላከያ ዘረመሉ የሚለይ ሌላ ዝርያ ቢዘራ፣ ከአንዱ የተነሣው ስፖር በሌላው ላይ ሲያርፍ የሚሞትበት ዕድል ይኖራል። ሁለት ስም ያላቸው ዝርያዎች ከአንድ ወላጅ የወጡ ሊሆኑ ስለሚችሉም፣ የልማት ጣቢያ ባለሙያው ስማቸውን ብቻ ሳይሆን ትውልዳቸውን ጠይቆ ማከፋፈል ይኖርበታል፤ በአዴትም ሆነ በቁሉምሳ የምርምር ማዕከላት ያሉት ዝርያ አዳቃዮች ይህን መረጃ አያጡትም።

ለዚህ የሚሆን ሀብት ደግሞ በእጃችን ነበር። ፈንገሱ ስብጥሩን ሂማላያ ላይ እንዳከማቸ ሁሉ፣ የማካሮኒ ስንዴ ደግሞ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ እጅግ ብዙ ዓይነት አለው፤ ሩሲያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ቫቪሎቭ በ1927 መጥቶ የሰበሰበው ለዚህ ነው። የግንድ ዋግን የሚከላከለው ኤስአር 13 ከሚገኝባቸው ምንጮች አንዱ የኢትዮጵያ የአገር ስንዴ ሲሆን፣ ቢጫ ዋግን የሚከላከለው ዋይአር 53ም የተገኘው ከኢትዮጵያ በተወሰደ የአገር ስንዴ ውስጥ ነው። አሁን በጎጃም ማሳዎች ላይ ቦታውን የያዘው የዳቦ ስንዴ ነው፤ የአገሩ ስንዴ በየጓሮው በጥቂት ቃዳ ቀርቷል። ከእነዚህ ላይ ጥቂት ዛላ ለይቶ ለዘር የሚያስቀር ገበሬ ካለ፣ ዘሩን ከዳቦ ስንዴው ሳይቀላቅል ለብቻው ይያዘው፤ ለአዴት የምርምር ማዕከል ወይም ለወረዳው ግብርና ባለሙያም ከየት እንዳገኘውና ዋግ በመጣበት ዓመት እንዴት እንደ ሆነ ቢነግር፣ ባለሙያዎቹ ተቀብለው ሊመረምሩት የሚገባ ነገር ነው።