«2010» የትኛው 2010?

የአገሪቱን የኃይል ፍጆታና የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት በየዘርፉ እንድቆጥር ስመደብ የፈራሁት ሒሳቡን ነበር። ሒሳቡስ ቀላል ነው። የነዳጁን መጠን በልቀት ማባዣው ታባዛላችሁ፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። የማገዶና የከሰል ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደን በኩል ስለሚቆጠር ኃይል ዘርፍ ላይ አይደመርም፤ ሚቴኑ ግን ይደመራል። ወደ ውጭ አገር የሚበር አውሮፕላን የቀዳው ነዳጅ ለብቻው ይጻፋል። ሲሚንቶ ላይ የሚባዛው ክሊንከሩ (ከምድጃ ወጥቶ ገና ያልተፈጨው) ነው እንጂ ፑሚስ፣ ማለትም የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ የገባበት ሲሚንቶ አይደለም። ይህን በሳምንት ትለምዱታላችሁ።

እኔን ያዋረደችኝ አንዲት ዓምድ ናት።

የ2010 የነዳጅ መረጃ ጎደለኝ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የአገሪቱ የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ 150 ሚሊዮን ቶን ልቀት ብሎ የተነሳው ከፈረንጆቹ 2010 ስለሆነ ክፍት ልተወው አልችልም። መረጃው አለበት ወደተባለው መሥሪያ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። «ደብዳቤ አምጣ»፣ «ደብዳቤው ለእኛ አልተመራም»፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው»። በመጨረሻ አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ ሰጡኝ። አናቱ ላይ «2010» ይላል፤ ዓ.ም. የለው፣ እ.ኤ.አ. የለው። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ድምሩን በዚያው ሌሊት ኤክሴል ላይ አስገባሁ።

ናፍጣው በአንዴ ተራራ ሆነ፤ በቀጣዩ ዓመት ተመልሶ ወረደ። መጠርጠር ነበረብኝ። እኔ ግን ምክንያት ፍለጋ ገባሁ፤ ምክንያት ደግሞ አይጠፋም። የጊቤ ሁለት የውኃ ኃይል ማመንጫ በጥር 2002 ዓ.ም. ተመርቆ በቀናት ውስጥ የውኃ ዋሻው ተደርምሷል። እንግዲህ ያ ሁሉ ናፍጣ ጄኔሬተር ውስጥ ነዷል ብዬ አንድ ሙሉ አንቀጽ ጻፍኩ። ሳነበው አሁንም ያሳፍረኛል፤ ያሳምናላ!

ያጋለጡኝ ነዳጅ ዴፖ ውስጥ ያረጁ ሰው ናቸው። ከናፍጣው ስንቱ ለመኪና፣ ስንቱ ለወፍጮ፣ ስንቱ ለትራክተር እንደሚሄድ ልጠይቃቸው ሄጄ ወረቀቱን አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አደረጉና፣

«ይሄ የእኛው ዐሥር ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

«በምን አወቁ፣ ጋሼ?»

ጣታቸውን ጠርዙ ላይ አኖሩ። በእስክሪብቶ የተጻፉ ወራት፦ ከላይ ሐምሌ፣ ከታች ሰኔ። የበጀት ዓመት። ወረቀቱ ለሁለት ወር ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ከድምሩ በላይ ቀና ብዬ አላየሁም። የፈረንጆቹን 2017 እና 2018 ናፍጣ ነው በፈረንጆቹ 2010 ላይ ያፈሰስኩት።

የልቀት ቆጠራ መመሪያው የፈረንጅ ዓመትን ይመርጣል፤ ለዚያ ሲባል ብዙ ሰው ሁለት በጀት ዓመት ከመሀል ቆርጦ ግማሽ ከግማሽ ይሰፋል። እኔ አልመክርም። ወር በወር ካላገኛችሁ በበጀት ዓመቱ ተዉት፤ ዓምዱ ላይም «ከሐምሌ እስከ ሰኔ» ብላችሁ ጻፉ። ግምገማ ላይ የሚነጫነጭ ይነጫነጭ። ከየትኛው ወር እስከ የትኛው እንደሆነ ሳይጽፍ ድምር ብቻ የያዘ ወረቀት ደግሞ ጭራሽ አትቀበሉ።

እውነተኛውን የፈረንጆች 2010 ለማውጣት የ2002ንና የ2003ን ዓ.ም. በጀት ዓመት ወራት ፍለጋ ለአራተኛ ጊዜ ወደዚያው መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ያቺው ልጅ ናት የተቀበለችኝ።

«ደብዳቤ ይዘሃል?»